የኅዳር ጽዮን ድግስ በበለጠች ቤት

በለጠች የደብረ ታቦር የሠርግ ወጥ ሠሪ ናት። ነበረች ማለት ይሻላል። ሠርግ ወይም ተዝካር የደረሰበት ሰው ድንኳን ሳይከራይ መጀመሪያ የሷን ደጅ ያንኳኳ ነበር። ትልቁን ድስት በማማሰያ ስታዞር አጠገቧ የቆመ ሁሉ ምራቁን ይውጣል። ኋላ ክርኗ ላይ ቀይ ነገር ወጣባት። ነጭ ቅርፊት አነሣ፤ ወደ ጉልበቷ ወረደ፤ በመጨረሻም እጇ ጀርባ ላይ ጉብ አለ። እጇ ላይ ከታየ ወዲህ ያ ሁሉ ምራቅ የሚውጥ ሰው ደጇን ረሳው።

ደጇን ረስቶ አፉን ቢሰበስብ ምን ነበረበት! አልሰበሰበም። የራሱን ራስ ምታት ከምን እንደመጣ የማያውቅ ሁሉ በበለጠች ቆዳ ላይ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ችፌ ነው» አለ። ሌላው «ለምጽ ነው» ብሎ ፈቀቅ አለ። የምግቡን ነገር ደግሞ ጌጤ ያዘችው። ጌጤ አንድ አጥር ብቻ የሚለያት ጎረቤቷ ናት፤ ባንድ የማርያም ማኅበርም ይጠጣሉ።

«ምስር እንዳትቀምሺ፣ እቴ። ያሳክካል።»

«እሺ።»

«ጎመንም ይቅርብሽ፤ ደም ያቆሽሻል። የዓሣንማ ስሙንም እንዳታነሺው። ሲላጥ አላየሽም? ያንን በልተሽ እንዴት አትላጪም!»

«እንቁላልስ?»

«ኧረ በማርያም! እንቁላል ብዪ የሚልሽ ጠላትሽ ነው።»

ታዲያ ምን ትብላ? እንጀራ በበርበሬ። ምን ትጠጣ? ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ፣ ጧት ጧት በባዶ ሆዷ። ጌጤ ራሷ በጠርሙስ ታመጣላት ነበር፣ «በሽታውን ከውስጥ ያቃጥልልሻል» እያለች። በርግጥ አቃጠለ። ያቃጠለው ግን ሴትዮዋን ነው። አረቄው በገባ ቁጥር ቀዩ ይብሳል፤ ቀዩ በባሰ ቁጥር አረቄው ይጨመራል። ይህን ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም፤ ዓይን ይበቃ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ዓይናቸው የተሠራው ለመጸየፍ ብቻ ይመስል፣ አንዳቸውም «አረቄውን እስቲ ተይው» አላሏትም። በማኅበሩም ቀን ሌላው ሁሉ ከጽዋው ሲጠጣ ለሷ ለብቻዋ በጣሳ ቀዱላት። እሷም ተቀበለች። ሰው ሲደጋግሙበት የተናቀውን ያህል ይሆናል።

ወንዛዬም ላኳት። ፍል ውኃው ውስጥ ገላዋን ገልጣ ስትገባ፣ ቀድመው የተነከሩት ሴቶች ተከታትለው ወጡ። አንዲቱ ነጠላዋን እየደረበች፣ «እንዲሰፋሽ ብለን ነው፣ እናቴ» አለቻት። ይሄ ነው እንግዲህ ደግነታችን! ሰውን ገፍትረን ስናበቃ ቦታ የለቀቅንለት አድርገን እናወራለን።

ከወንዛዬ የተመለሰችው ከስታ፣ ልብሷ እየሰፋት ነው። ያኔ ማንንም ሳታማክር ሆስፒታል ሄደች። ሲሳይ የሚባል ወጣት ሐኪም እጇን በእጁ ይዞ አገላብጦ አየው። በለጠች ዕንባዋ መጣ። እንዲህ አድርጎ እጇን የያዘው ሰው ከጠፋ ሰንብቷል።

«ሶሪያሲስ ይባላል፣ እትዬ በለጠች።»

«ወደ ሰው ይጋባል?»

«አይጋባም። ቢነኩዎትም፣ አብረውዎት ቢበሉም፣ ባንድ ዋንጫ ቢጠጡም አይጋባም። የራስዎ ሰውነት ነው ቆዳውን ያለ ጊዜው የሚያጣድፈው።»

«ከምግብስ ከምን ልከልከል?»

«አሁን የሚበሉትን እስቲ ይንገሩኝ።»

ነገረችው። ስለ አረቄው ስትደርስ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ማን ነው እንዲህ ያዘዘልዎት?»

«ጎረቤት።»

«የሚረባዎትን ሁሉ አስጥለው የሚጎዳዎትን አስይዘውዎታል። ይስሙኝ፤ ምግብ ይህን በሽታ አያድነውም። ያድነዋል ብሎ የሚሸጥልዎት ቢመጣ አይመኑት። የማዝልዎትን ቅባት ይቀቡ። አረቄውን ግን ይተዉ፣ ጠላውንም። ምስርዎን ይብሉ፣ ጎመንዎን ይብሉ፣ ዓሣም ሲገኝ ይብሉ። አንድ ነገር በልተው የባሰብዎት ከመሰለዎት ይምጡና አብረን እናየዋለን። ጎረቤት ስላለ ብቻ አይራቡ።»

ጎረቤት ስላለ ብቻ መራብ! በለጠች መንገዱን ሙሉ ይህን እያሰበች ተመለሰች፤ ማታ ምስር ሠርታ እስክትጠግብ በላች። አላሳከካትም። ሳምንታት ሲያልፉ ቀዩ ባይጠፋም በረደ፤ እንቅልፍ መጣላት፤ ጉልበቷም ተመለሰ። ጌጤ ጠርሙሷን ይዛ ስትመጣ በር ላይ መለሰቻት። በነጋታው ሰፈሩ «በለጠች ኮራች» ሲል ዋለ።

የኅዳር ጽዮን ሲቃረብ የማኅበሩ ሙሴ፣ አያ ገብረ ማርያም፣ ደጇ መጥተው ቆሙ። የማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል፤ ባሕር የሚከፍል ሳይሆን ተራ የሚያስይዝ።

«በልዬ፣ የጽዮን ተራ ያንቺ ነበረ» አሉ።

«ነበረ? ነው እንጂ፣ አያ ገብረ ማርያም። ይግቡ።»

«አይ፣ እቸኩላለሁ። ታመሻልና ትረፍ ብለን... ጌጤ ደግሳ ትሸፍንልሽ።»

«ማን አመመኝ አለ?»

«እንግዲህ ሰው አይደል? አልበላም ብሎ ቢያዋርድሽስ? ላንቺው ብለን ነው።»

«የማርያምን ተራ ለማንም አልሰጥም። የማይበላ ካለ እሱ ይፈር።»

ይህን ትበል እንጂ ምን እንደምትደፍር አልጠፋትም። በማኅበር ቀን ድግሱ ሳይነካ የተመለሰበት ቤት አበቃለት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በደብረ ታቦር ከሷ እጅ የሚበላ ማንም አይኖርም።

ቀኑ ደረሰ። ጾም ነውና ምስር ወጥ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ ከገሳይ የመጣ ድንች አልጫ፣ የተልባ ፍትፍት አሰናዳች። ለሚጠጣ ጠላ ጠመቀች። በጽዋው ግን ማሩን ከውኃ በጥብጣ ያላፈላችውን ብርዝ ሞላች፤ እሷም እንድትጠጣ። ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ሲገባ ሽታው ከደጅ ተቀበለው። አንዳንዱ ምራቁን ሲውጥ በዓይኗ አየች።

መምሬ ተስፋነህ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ምግቡ ቀረበ። ያኔ ሰበቡ ተጀመረ።

«እኔ ጨጓራዬ...» አሉ አያ ገብረ ማርያም፣ ሆዳቸውን እያሻሹ።

«እኔንስ ጥርሴን» አለ ማኅበርተኛው አስናቀ። ትናንት በቆሎ ሲግጥ ያላየው የለም።

እጅ የሚዘረጋ ጠፋ። በለጠች ውኃ የሚፈስበትን ማስታጠቢያ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ጌጤ ደግሞ ከሁሉም በልጣ ለመገኘት ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «እኔስ ጠግቤያለሁ፣ እቴ። ጧት ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ እስኪበቃኝ በልቼ ነው የወጣሁት» አለች።

መምሬ ተስፋነህ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን አልሽ፣ ልጄ? ሳታስቀድሺ? በነቢያት ጾም?»

ጌጤ ያለችው ያኔ ገባት። የሰው ወጥ ላለመቅመስ ስትል ጾሟን መግደፏን በማኅበር ፊት መሰከረች!

«ኧረ... ኧረ ዋሽቼ ነው፣ አባ!»

«ዋሽተሽ ነው?»

«እመቤቴን! ከትናንት ወዲህ በአፌ የዞረ የለም!»

«ከዋሸሽ እንግዲያ ርቦሻል። ብዪ።» መምሬ ሌሎቹንም አዩዋቸው። «የገደፈ ካለ አሁን ይናገርና ይውጣ። የጾመ እጁን ይታጠብ።»

ያ ሁሉ ጨጓራና ጥርስ በቅጽበት ዳነ። እጃቸውን ታጠቡ። መምሬ ጽዋውን ቀምሰው ለባለ ተራዋ ሰጡ፤ በለጠች ጠጣችና ለአያ ገብረ ማርያም አቀበለች። ሽማግሌው ጽዋውን ዓይን ዓይኑን አዩት፤ ከዚያ መምሬን አዩ፤ ከዚያ ጠጡ። ሕዝበ ክርስቲያን ማለት ይኸው ነው፤ ለፍቅር ያልዘረጋውን እጅ ለግዝት ይዘረጋል።

በሉ ደግሞ! መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ፣ እንደ እሳት። ምስሩን ሲቀምሱ ግን ጣት ቀርቶ መዳፍ ሆነ። አስናቀ ጎመን አስጨመረ። ጌጤ የደም ማቆሸሹን ነገር ረስታ የትሪውን ጠርዝ እስክትጠርግ ወረደችበት።

«ወይ በልዬ፣ እጅሽ ይባረክ! እንዴት ጣፍጦልሻል!» አለች በሞላ አፏ።

በለጠች ቆማ አየቻት። ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ነበር ስለቷ፤ እነዚህ ሰዎች ከእጇ ሲበሉ ለማየት። አሁን እየበሉ ነው። ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። የሚያኝክ አገጭና የወዛ ጣት ብቻ ታያት። ለዚህ ነው የተራብኩት? ለነዚህ? ባለ ድግስ እየዞረ ማጉረሱ ደንብ ነው፤ ጌጤም አፏን አመቻችታ ቀና አለች። በለጠች ግን ማንንም አላጎረሰችም። ለራሷ ትሪ አቅርባ፣ ከምስሩም ከጎመኑም ከድንቹም አውጥታ፣ በመምሬ አጠገብ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች።

ሲበተኑ አያ ገብረ ማርያም ወደ ኋላ ቀሩ።

«በልዬ፣ ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ። መቼም ወጡን ካንቺ በቀር...»

«እመጣለሁ፣ አያ ገብረ ማርያም።»

«እሰይ!»

«ተጠርቼ፣ ከሰው እኩል ተቀምጬ ልበላ ነው የምመጣው። ወጥ ሠሪ ይፈልጉ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ፈለጉ። በለጠች በሩ ድረስ ሸኘቻቸውና፣ ድስቱ ውስጥ የተረፈውን ጎመን ለእራቷ ከደነችው።