ያልጨመቅኋቸው ሦስት ጥይቶች

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ስሜን ሲጠሩ አጥፍቼ የተጠራሁ መሰለኝ። ለካ የጻፍኩት ተመርጦ በተማሪዎች መጽሔት ሊወጣ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የደባርቅ መንገድ ጠበበኝ። ለጓደኞቼ ብቻ ሳይሆን ለማላውቀው ባለባጃጅ ሳይቀር ነገርኩ። የአማርኛ መምህሬ ደግሞ፣ «አንድ ጨምሪበት፤ በእውነት የደረሰ፣ ያንቺው የሆነ» አሉኝ።

የጨመርኩት ይኸው። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በጾም ወተት መጠጣቴን ተናዝዤ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። የምታነቡኝ ሰዎች ሆይ፣ ከአንድ ሰው በቀር እናንተ መጀመሪያዎቹ ናችሁ።

አጎቴን አያ ታከለን ዳባት ላይ የማያውቃቸው የለም። ጥይት የጠፋለት ያረጀ ምንሽር ያለው ሁሉ የተተኮሰ ቀለሁን በሻሽ ቋጥሮ ወደሳቸው ይመጣ ነበር። እርሳስ አቅልጠው አረር ያፈሳሉ፣ ባሩዱን ይሞላሉ፣ አረሩን ቀለሁ አፍ ላይ ይሰካሉ። ከዚያ የኔ ሥራ ይመጣል። ብረት ሠሪ ባበጀላቸው ጉጠት የቀለሁን አፍ ዙሪያውን እጨምቃለሁ፤ አረሩ እንዳይላወስ። በመጨረሻ ርጥበት እንዳይገባው አፉን ሰም እቀባዋለሁ። «ያልተጨመቀ አረር ያልታሰረ በቅሎ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሲነኩት ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ባሩዱ ይታመቃል፤ የታመቀ ባሩድ ደግሞ ጌታውን አያውቅም።» አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቅ ነበር።

ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም እዚያው ዳባት። የአያ ታከለ ልጅ ትርንጎ ልትዳር፣ ሙሽራው ከድብ ባሕር ሊመጣ ዋዜማው ነው። ለሠርጉ ተኩስ ስምንት ጥይት ሰጡኝ። አምስቱን ጨመቅኩ። ጉጠቱ ጠንካራ ነው፤ መዳፌ ቀላ። ይኼኔ የጎረቤታችን ልጅ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ፣

«አንቺ፣ ሹሩባ ሠሪዋ ልትሄድ ነው። ነገ ጨብራራ ሆነሽ ልታጅቢ ነው?» አለችኝ።

ሦስት ቀርተውኝ ነበር። ሦስት ብቻ። የሩብ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም። እኔ ግን አልጨመቅኋቸውም። ሰሙን ወፈር አድርጌ ቀባኋቸው፤ አፋቸው እንዳይታይ። ልብ በሉልኝ፣ ረስቼ አይደለም። የረሳ ሰው ይሸፍናል?

አያ ታከለ እያንዳንዷን ጥይት በጥፍራቸው ሳይዳብሱ ዝናር ውስጥ አይከቱም ነበር። ያን ቀን አልዳበሱም። አንድ እንግዳ፣ «አታያትም እንዴ፣ ልጅ እኮ ናት የሠራችው» ቢላቸው፣

«የብርቄን እጅ እኔ አልመረምርም። ካንተ ሽማግሌነት የሷ ልጅነት ይሻላል» ብለው አሳቁበት።

እኔም አብሬ ሳቅኩ። አፌን ከፍቼ «አያ፣ ሦስቱ ቀርተዋል» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ሹሩባዬ ግን አምሮ ነበር፤ ሰውም እያየኝ ነበር።

ሙሽራው ደጅ ሲደርስ አያ ታከለ ወጥተው ተኮሱ። አንድ። እልልታው ቀለጠ። ሁለት። በሦስተኛው ቀለሁ ወደ ኋላ ፈነዳና እሳቱ ቀኝ ዓይናቸውን መታው። ትርንጎ በሙሽራ ቀሚሷ የአባቷን ደም ጠረገች። ከሚዜዎቹ መኪና ባንዱ ጎንደር ወሰዷቸው። ዓይናቸው ግን አልተረፈም።

ሰው ሁሉ የየራሱን አለ። «ባሩድ አበዛ።» «ጉራ ነው።» «የሰው ዓይን ነው።» እሳቸውም፣ «ልኩን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው አትውቀሱ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቀለህ ቋጥሮ የመጣ የለም። እጃቸውን የሚያምን ጠፋ፤ እሳቸውም ራሳቸው እጃቸውን ማመን ተዉ። አንድ ቀን ብቻ እንዲህ ጠየቁኝ፦

«ብርቄ፣ ያ ጉጠት ላልቶ ነበር እንዴ?»

«እንጃ፣ አያ።»

አያችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የበደልኳቸው። ዓይናቸውን በጥይቱ፣ ስማቸውን በዚህ «እንጃ» ወሰድኩ። ልጅ ነበርኩ ልበል? ዐሥራ ሁለት ሲሞላኝም ዝም አልኩ። ዐሥራ አምስት ሲሞላኝም ዝም አልኩ። ምን ባደርግ ይመለሳል? ብናገር ዓይናቸው አይበራ። ዝም ብል እኔ አላርፍ።

አያ ታከለ የመጽሔቱን ዜና ሲሰሙ ከዳባት በአውቶቡስ ደባርቅ መጡ። በር ላይ አቅፈውኝ፣ «በይ እንግዲህ፣ እኔ የማየው ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ አንቺ አንብቢልኝ» ብለው ራሳቸው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ካየኋቸው ዓመታት አልፈዋል።

የመጪው ሳምንት እሑድ በግ ያርዱልኛል። «ጽሑፍሽን የሚያነበውን ሁሉ ጥሪልኝ፤ ቤቴ አይጠብም» ብለውኛል። መጽሔቱ ዓርብ ይወጣል። እኔ ከዚያ ቀድሜ ሐሙስ ዳባት ወርጄ ይህንኑ ከፊታቸው ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ግማሹን አይደለም፣ ሁሉንም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እሑድ እኔ በዚያ ቤት ልገኝ አልገኝ አላውቅም።

እናንተ ግን ኑ። ግብዣው የሳቸው ነው፣ ቃላቸውንም አያጥፉም። ሽማግሌ ሆናችሁ ማሩልን እንዳትሏቸው፤ ይቅር ማለትም አለማለትም የሳቸው ይሁን። ስትገቡ ብቻ በግራቸው በኩል ግቡ። በቀኝ የመጣ ሰው አይታያቸውም።