እሳት ያልነካው ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ፣ አባባ የምንላቸው አያቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ እንሰማለን። ከሁሉም አንዱ ተረት አስፈርቶኝ ቀረ። ሞት አንዲት ሴት ሊወስድ ይመጣል። ሴትዮዋም «በዚህ ገበቴ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ታገሰኝ» ትለዋለች። ካልጠጣችው፣ እሳት ላይም ካልጣደችው፣ ውሃ የት ይሄዳል? ሞት እሺ ብሎ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ግን ገበቴውን ብታየው ደርቋል።

«ማን ጠጣው፣ አባባ?» አልኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ! ራሱን ሞትን ጠይቂው» ብለው ሳቁ።

በዚያው በጋ እናቴ በትኩሳት ወደቀች። ውስጡ ቀይ አበባ በተሳለበት ሳህን ከራስጌዋ ውሃ አስቀመጡላት፤ እሷ ግን አልነካችውም። እሷን እንጂ ሳህኑን የሚያይ አልነበረም። እኔ አየሁት። አበባውን ሸፍኖት የነበረው ውሃ ጎደለ፤ ቅጠሎቹ ብቅ አሉ። ከእንስራው በጣሳ እየቀዳሁ፣ ሰው ዞር ባለ ቁጥር፣ በስርቆሽ እሞላው ጀመር።

«ምን ትንጎዳጎጃለሽ አንች? ወጥተሽ አትጫወችም?» አለችኝ እናቴ በደከመ ድምፅ። ጣሳውን ከኋላዬ ደበቅሁ።

ዳነች። ያዳንኋት እኔ መሰለኝ፤ አፍሬ ግን ለማንም አልተናገርሁም።

ጋይንት ውስጥ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ስማር መምህራችን እንዲህ አሉ፦ «ሲፈላ ውሃው በሙሉ ይታመሳል፤ አረፋው ከውስጡ ይነሣል፤ ለዚያም በቂ ሙቀት ይፈልጋል። ትነት ግን ከላይ ከላዩ ብቻ ነው፤ መፍላት አያሻውም፣ ድምፅም የለው።»

እጄን አውጥቼ የማላውቀው እኔ «በጋይንት ብርድም?» አልሁ።

«ብርድ ልብስ እናልብሰዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«በብርድም፣ ቀስ እያለ» አሉ መምህሩ።

እኔ ግን ያኔ ያ ሳህን ትዝ አለኝ። ውሃውን የወሰደው አየሩ ከሆነ፣ እናቴን ያተረፋት የእኔ ጣሳ አልነበረም ማለት ነው። ሳህኑ ጢም ብሎ ሳለ፣ እኔም ከራስጌዋ ቆሜ ሳለሁ፣ ልትሄድ ትችል ነበር። ተረቱ ቢያስፈራራኝም የምሠራው ነገር ሰጥቶኝ ነበር፤ ትምህርቱ እሱን ወሰደብኝ። ፈተና ላይ መልሱን አስተካክዬ ጻፍሁ። እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ደውዬላት ስልኩን ሳታነሳ ስትዘገይ ግን፣ እጆቼ የሚሠሩትን ያጣሉ።