የእናቴ ቆርቆሮ

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበረው ሰው በየለቅሶው ድንኳን «እናቷን ያሳከምኩላት እኔ ነኝ» እያለ እንደሚያወራ ሰማሁ። ሸምግሏል፣ ተይው ይሉኛል። አልተወውም።

እናቴ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ከእኔም ጭምር ደብቃ ከርማለች። ያየሁት ስትታጠብ ድንገት ገብቼ ነው። የቆቦ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ዳሰሳትና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚህ አይነካም። አዲስ አበባ ውሰጃት። ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ከያዝሽ አያስከፍሏትም» አለኝ።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ከለከለኝ። ምክንያቱ ጣሪያችን ነበር። በእሱ ቤት ድሃ ማለት ሣር ቤት የሚኖር ነው፤ እኛ ደግሞ አባቴ ሳይሞት ያለበሰው፣ ጠርዙን ቀይ የቀባው ቆርቆሮ ነበረን።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቆርቆሮ አይበላም» አልኩት።

«ቆርቆሮ ቤት ያለው ድሃ አላውቅም። ሂጂ!»

ወር ሙሉ አመላለሰኝ። እብጠቱ ግን እሱን አልጠበቀም፤ ቆሰለ።

አንድ ማለዳ መሰላል ተውሼ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። እናቴ ከታች «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ሰው ምን ይላል?» ትላለች።

«ድሃ ናቸው ይበል!»

ቆርቆሮውን ነቅዬ ቤቱን በማሽላ አገዳ ከደንኩት። ከዚያ ከቆርቆሮው ሁለቱን ተሸክሜ ቀበሌ ሄድኩ። የስብሰባ ቀን ስለነበር አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ፊት ወረወርኩት።

«ይኸው ሀብታችን! ደብዳቤውን ጻፍ!»

አንዲት አሮጊት ከኋላ «ጻፍላት እንጂ! የራሷን ያፈረሰች ያንተን ትምራለች?» አለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጻፈ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት።

የቀረውን ቆርቆሮ ለመንገድና ለስንቅ ሸጠን ተሳፈርን። የአዲስ አበባው ሐኪም «ከወር በፊት መጥታችሁ ቢሆን» አለን። ጡቷን አወጡላት። እዚያ ያየነውን እሷና እኔ እናውቃለን፤ አልጽፈውም። ሦስት ዓመት ኖረች፤ ክረምት ሲመጣ በሚያፈሰው አገዳ ሥር ጣሳ እየደቀንን። ያቺ የባከነች ወር ስንት ዓመት እንደወሰደችባት የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ቀበሌ የወረወርኳቸውን ሁለቱን ቆርቆሮ ማንም አልመለሰልኝም። በዓመቱ በሊቀመንበሩ ደጅ ሳልፍ አዲሱ ማድቤቱ ላይ አየኋቸው፤ ቀዩ ጠርዝ እንኳ አልተፋቀም።

ዛሬም እዚያው ናቸው። ድንኳን ውስጥ ሲያወራ የሰማችሁ፣ ስትመለሱ በደጁ እለፉና ቀና በሉ።