መቅዘፊያ ሳይጨበጥ የማይመጣው የአባዬ ዘፈን

የምሥራች ልንገራችሁ፤ የወንድሜ የጌታሁን ካሴት ሊወጣ ነው። ሙዚቃ ቤቱ እሺ ብሏል። ጌታሁን በሚሠራበት ፋብሪካ የኪነት ቡድን ጊታር ይጫወታል። ዘፈኖቹን በአገር ዜማ፣ በጊታርና በድራም የሠራቸው አምና ላረፈው አባታችን መታሰቢያ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ጎደለ፤ አባዬ እንጨት ጭኖ ታንኳ ሲቀዝፍ የሚያዜመው። ግጥሙን የሚያውቁት ከጣና ማዶ ቁንዝላ ያሉት የቀዘፋ ጓደኛው ጋሽ ይመር ናቸው። ጌታሁን ያለዚያ ዘፈን ካሴቱ አይወጣም ብሎ ማለ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ከባሕር ዳር ጀልባ ተሳፈርን። እኔ ድምፅ የምንቀዳበትን ቴፕ ታቀፍሁ፣ እሱ ጊታሩን። ከጎናችን የነበሩት የወረታ ነጋዴ ቴምር አቀመሱን። ቁንዝላ የደረስነው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ጋሽ ይመር መረብ ሲጠግኑ አገኘናቸው። ስለ አባዬ ብዙ አወሩን፤ ዘፈኑን ሲጀምሩ ግን ሁለተኛው ቃል ላይ ቆሙ። ጌታሁን በጊታር ሊያግዛቸው ሞከረ፤ ባሰባቸው።

«ምድር ላይ አይመጣልኝም» አሉ። «መቅዘፊያ ሳልጨብጥ አፌ ባዶ ነው።»

ቅዳሜ ማለዳ

ጌታሁን ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ታንኳዋ አዘነበለች። ጋሽ ይመር ሳቁበት።

«ውረድ አንተ፣ የከተማ ዳቦ አክብዶሃል። እሷ ትምጣ።»

ገባሁ። ውኃው ታንኳዋ በተሠራችበት ደንገል መሐል እየሰረገ ቀሚሴን አራሰው፤ ቴፑን ግን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ቁልፉን ተጫንሁ። ሦስት ጊዜ እንደቀዘፉ ዘፈኑ መጣ፦

*ቅዘፍ ወንድሜ ማዕበል ሳይነሳ፣*
*ልጄ ቆይታለች ሳትበላ ምሳ።*

ልጅቱ እኔ ነኝ። አባዬ ካልመጣ አልበላም እያልሁ እማዬን አስቸግር ነበር። እንደሚያውቅ አላወቅሁም ነበር።

ሰኞ፣ ባሕር ዳር

በመልሱ ጀልባ ቤታችን ገባን። ጌታሁን ቴፑን ሲከፍት የመቅዘፊያው ድምፅ በየስንኙ መሐል ይሰማል። አበላሸሁት ብዬ ደነገጥሁ። እሱ ግን በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ለዚህኛው ድራም አያስፈልገንም» አለኝ።

አንዳንድ ዘፈን በእጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ የተማርሁት በዚህ ጉዞ ነው።

እናንተ የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢዎች፣ የፊታችን ቅዳሜ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ካሴቱን እናሰማለን። እማዬ ዓሣ ትጠብሳለች። ምሳ ሳትበሉ ኑ።