አልብሰው ብዬው ነበር

ወልድያ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ትልቅ መስታወት ይዞ በሚኒባስ መጓዝ ለጠላት አይስጥ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ረዳቱም የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀብሎኛል።

«ለሙሽራ ነው?» ይላል ሾፌሩ በስፖኪዮ እያየኝ።

«ለመስጊድ።»

«ማተብህን እያየሁት!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ግራና ካለው መስጊድ ደጅ አባቴ የሠራው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ቆሟል፤ ጥቁር የተቀባ በርሜል በላሜራ ሳጥን ውስጥ፣ ፊቱ መስታወት። ሽማግሌዎች ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ እንዳይበርዳቸው ብሎ ነበር የሠራው። ቀን እጅ ያቃጥላል፤ ሲነጋ በረዶ ነው። ኮሚቴው ሰልችቶት፣ እስከ ነገ ካልተስተካከለ ለቁራሌው ሊሸጠው ነው። ከአባቴ የእጅ ሥራ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ሲሪንቃ፣ አንድ ሰዓት

ከምርምር ማዕከሉ ማሳ ላይ ፀሐይ ወጣች። አባቴ ፀሐይ ያነሰው እየመሰለው በሳጥኑ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ይጨምርለት ነበር። አዲስ አበባ ሥራ እንደጀመርኩ ደውሎ ሲነግረኝ ቸኩዬ ነበር። «አባዬ፣ ፀሐይ አላነሰውም፤ ያገኘውን ሙቀት ነው የሚያፈስሰው። ከኋላው አልብሰው!» ብዬ ዘጋሁት። ምን እንደሚያለብሰው አልነገርኩትም። እስኪሞት ድረስም አልሄድኩም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

መርሳ፣ ሁለት ሰዓት

ብርቱካን ገዛሁ። አባቴ ልጣጩን ሳይበጥስ ከላይ እስከ ታች ይልጠው ነበር። ሞከርኩ፤ ሦስት ቦታ ተበጠሰ። ሻጯ «ስጠኝ እስቲ» ብላ ላጠችልኝ። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ፤ መንገዱ እያንገጫገጨን መስታወቱን እንደ ሕፃን አቀፍኩት።

ግራና፣ አራት ሰዓት

የአባቴ ጓደኛ ሼህ ይማም በር ላይ ጠበቁኝ።

«ደህና ገባህ ልጄ?»

«አልሃምዱሊላህ ይበሉ፣ አልተሰበረም።»

የሳጥኑን የኋላ ላሜራ ፈታሁ። በርሜሉ ኮት ለብሷል። ግራጫ ኮት፣ አዝራሮቹ ሁሉ የተቆለፉ፣ በስንጥቅ የገባ ዝናብ ያራሰው፣ የሻገተ። በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁለት ነው። ለምን አትለብሰውም ብዬ ተቀይሜው ነበር።

«አንቱ ያውቁ ነበር?»

ሼህ ይማም ኮቱን ዳሰሱት። «በዚያ ብርድ በሸሚዝ ሲያልፍ፣ ‹ኮትህስ?› ስለው ‹ልጄ አልብሰው ብሎኝ› አለኝ። ለድሃ የሰጠው መስሎኝ ዱዓ አድርጌለታለሁ።»

የረጠበ ልብስ ሙቀት እንደሚጠጣ ማን ይንገረው? እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። አለቀስኩ።

ከዚያ ስንጥቁን ደፈንን፤ በኮቱ ቦታ ደረቅ የበግ ጠጉር ጠቀጠቅን። ያመጣሁትን መስታወት ከአሮጌው ፊት፣ ጣት የሚያህል ክፍተት ትቼ ገጠምኩት፤ በመሃል የታሰረው አየር ሙቀቱን ይይዛል። ሲመሽ ፊቱን በወፍራም ክዳን ሸፈንነው።

በማግስቱ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ተሰልፈዋል። ሼህ ይማም ቀድመው ቧንቧውን ከፈቱና እጃቸውን አስገቡ። አላወጡትም።

«ና፣ ንካው» አሉኝ።

ሞቋል።

ሁሉም ታጥበው ሲገቡ ሼሁ የተረፈውን በባልዲ ቀድተው ሰጡኝ። በዚያ ውሃ የአባቴን ኮት አጠብኩ።