የአዋላጇ መዝገብ

ሰፈርተኛው «ሐኪሙ» ይለዋል፤ የሚያክመው ግን ኮምፒውተር ነው። ከደረጃ ሥር በተወሸቀችው ሱቁ አሥራ አራት ዓመት ሲቀመጥ በአንድ ነገር ግግም ያለ ነበር፦ ቫይረስ የገባበትን ማሽን በሴፍ ሞድ ካልሆነ አይፈትሽም። በሴፍ ሞድ ማሽኑ ለነፍሱ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሳል፤ ሌላው ሁሉ፣ ቫይረሱም ጭምር፣ እንደተኛ ይቀራል። በኖርማል ሞድ ግን ፈታሹም ቫይረሱም አብረው ይነቃሉ። ደንበኛ ቸኩያለሁ ብሎ ቢነዘንዘው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ለታላቅ እህቱ ብቻ አይጨክንም። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችውም እሷ ነች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያዋለደቻቸውን ሕፃናት በደብተር ይዛ ነበር፤ ማን በስንት ሰዓት እንደተወለደ፣ ማን በእግሩ እንደመጣ፣ ማን ሳያለቅስ እንደቀረ። አምና ነገር መርሳት ስትጀምር ያን ሁሉ በሁለት ጣቷ እየለቀመች፣ ለየዓመቱ አንድ ፋይል እያደረገች፣ ኮምፒውተር ላይ አሰፈረችው። ምስጥ የበላቸው ደብተሮች ይጣሉ ብሎ ያስጣላት እሱ ነው። ቅጂ አስቀምጥልሻለሁ ያላትም እሱ፤ ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ አለቀ። የሰው ሲጠግን የእህቱን ረሳ፣ ምን ይባላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑን አቅፋ መጣች። አንዳንድ ፎቶዎች ስማቸው ተለውጦ አልከፈት ብለዋታል። ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ነው። መዝገቡ ገና አልተነካም። በሴፍ ሞድ አስነስቶ ፍተሻውን ጀመረና ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ቫይረሱ አብሮ እንዳይቀዳ ከዚያ በኋላ እቀዳልሻለሁ አላት።

መዝገቡን አሳየኝ አለችው። ሲከፍተው የወጣው ግን አራት ማዕዘንና ጭረት ብቻ ነበር። የምትጽፍበት የፊደል ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ በሴፍ ሞድ አይነሳም፤ ጽሑፉ ግን ውስጥ አለ። ደጋግሞ አስረዳት፤ አልገባትም።

«አጥፍተኸው ነው የምትደብቀኝ።»

«በእናታችን ሞት፣ እትዬ፣ አለ። ትንሽ ታገሺኝ።»

«አንዴ ብቻ ልየው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ለማንም ያላደረገውን አደረገ። ለአንድ ደቂቃ ነው ብሎ ራሱን አታሎ፣ ፍተሻውን አቋርጦ በኖርማል ሞድ አስነሳው። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እህቱ መነጽሯን አስተካክላ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ሐሙስ ጠዋት፣ መንታ ሴቶች፣ ሁለተኛዋ ዘግይታ አለቀሰች።» ፊቷ በራ። እሱም ያን ፊት ሲያይ ደስ አለው፤ ደስታው ግን እዚያው ላይ አበቃ።

የሚቀጥለውን ዓመት ክፈትልኝ አለችው። አልከፈት አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ዓይናቸው እያየ የፋይሎቹ ስም ተራ በተራ ተለወጠ፣ አሁን ያነበበችውም ጭምር። ገመዱን ነቀለው፤ ግን አልቆ ነበር።

ሌላ የሚሠራው ቢጠፋው በሴፍ ሞድ መልሶ አስነስቶ ፍተሻውን እንደ አዲስ ጀመረ። ፍተሻው ቫይረሱን ቢያጠፋም የተቆለፈውን እንደማይከፍት እያወቀ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር መጣ።

«ምን አለ?»

«ንጹህ ነው ይላል።»

ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ያች ዘግይታ ያለቀሰችው መንታ ስሟ ማን ነበር ብላ ጠየቀችው።