የሀፊዛ ኢንሻአላህ

ሀቢቡ ቡታጅራ ውስጥ፣ ወደ እንሴኖ በሚያወጣው መንገድ ዳር የጋሪ ጎማ ይጠግናል። ስድሳውን አልፏል፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለምን አላገባህም ያለውን ሁሉ በአንድ አነጋገር ያሰናብተዋል። «ቀደር ነው፤ አላህ ያልጻፈልኝን ከየት ላምጣ?» ሰውስ ምን ይበል? አላህ ከጻፈው ጋር ማን ይከራከራል!

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በጉብዝናው ወራት፣ መስቃን ገጠር እያለ፣ የጎረቤት ልጅ ሀፊዛን ይወድ ነበር። ወደደ ስላችሁ፣ ገና ከሩቅ ሲያያት አፉ የሚተሳሰርበት ዓይነት። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ እንደ ምንም ደፍሮ «ሽማግሌ ብልክ እሺ ትሉኛላችሁ?» አላት። እሷም መሬት መሬቱን እያየች «ኢንሻአላህ» አለችው። አለቀ።

በእነ ሀቢቡ ቤት ኢንሻአላህ ማለት «አይሆንም» ማለት ነበር። ለአረፋ አዲስ ልብስ ግዢልኝ ሲላት እናቱ ኢንሻአላህ ትለዋለች፤ አረፋው ይመጣል፣ ልብሱ አይመጣም። አባቱም በሬ አውሰኝ ያለውን ሁሉ የሚሸኘው በኢንሻአላህ ነበር። ስለዚህ ሀፊዛ በጨዋ ደንብ እምቢ አለችኝ ብሎ ልቡ ተሰበረ፤ ሽማግሌም ሳይልክ ቀረ። ምን ማለትሽ ነው ብሎ ደግሞ መጠየቅስ? ወይ ሀቢቡ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሚስትም አትገባም። እሷ ቆሼ ከተማ ተዳረች፤ እሱ ቀደር ነው ብሎ ቡታጅራ ገባ።

ባለፈው አረፋ ሰሞን የሀፊዛ ታናሽ ወንድም ሙባሪክ ጋሪ ሊያሠራ መጣ። ጎማው እስኪያልቅ ሲጨዋወቱ፣ ሀፊዛ ባሏ ሞቶ እሱ ዘንድ እንሴኖ መግባቷን ነገረው። ቀጠለና እየሳቀ፣

«ጋሼ ሀቢቡ፣ አንተ እኮ ጉድ ሠርተኸናል! ሽማግሌ ይልካል ብላ ሁለት አረፋ ሙሉ ሌላ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ መለሰች። አባታችን ሼኽ ነበር፤ በኛ ቤት ኢንሻአላህ ያለ ሰው ቃል ሰጠ ማለት ነው» አለው።

የሀቢቡ እጅ ጎማው ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን ብቻውን በልቶ፣ ብቻውን ታሞ፣ ብቻውን ድኖ፣ ሁሉንም አላህ ላይ ጥሎት ኖሯል። ለካ የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር።

በማግስቱ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ እንሴኖ ወረደ። ላግባሽ ሊላት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲደጋግመው ሄደ። ሀፊዛን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ስትቀነጥስ አገኛት።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ሀቢቡ? አንተ፣ አረጀህ እኮ!» ሳቀችና በርጩማ አቀረበችለት።

«ሙባሪክ ሁሉን ነገረኝ» አላት እንደተቀመጠ። «አላወቅኩም ነበር ሀፊዛ፤ ቀደር ሆኖ...»

«ቀደርን ተወው» አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ። «እኔ የጠበቅኩት አንተን ነው።»

በርበሬውን አስቀመጠች፤ እጇን በጨርቅ ጠራረገችና ዓይኑን አየችው።

«አሁንስ ምን ልትለኝ መጣህ?»

ኧረ ተናገር ሀቢቡ! የሚያስፈራ አባት የለ፣ ከልካይ ባል የለ፤ እሷ ራሷ በሩን ከፍታልሃለች። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። እምቢ ብትለኝስ አለ በልቡ።

«እንዴት ነሽ ልልሽ ነው» አላት።

ሀፊዛ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ወደ ቡታጅራ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት አየችውና ደነገጠች።

«አባባ፣ ማን ምን ብሎዎት ነው የሚያለቅሱት?»

«ማንም ምንም አላለኝ» አለ ሀቢቡ። «እኔው ነኝ።»